ከበላያችን ያለው ውኃ ጠባቂው ማን ነው?

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ይህ አባባል ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ወንዝ ለሚሻገር መንገደኛ ነው። ነገር ግን በውኃ ዳር ሣር ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ልጆቻቸው ለዳክዬ ዳቦ ሲወረውሩ እያዩ የሚደሰቱ ወላጆችም ሊያስቡበት የሚገባ አባባል ነው።

ግድብ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ እርሻ የሚያጠጣ ወይም ለከተማ የመጠጥ ውኃ የሚያጠራቅም ትልቅ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ግድብ መሐንዲስ አለው፣ ዘበኛ አለው፣ በጀት አለው። አንድ ቀን ሥራው ቢስተጓጎል መብራት ይጠፋል፣ ቧንቧ ይደርቃል፤ ስለዚህ ሁሉም ያስታውሰዋል። ለመዝናኛ ብቻ የዋለ ትንሽ የግል የአፈር ግድብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዓሣ ይጠመድበታል፣ ጀልባ ይቀዘፍበታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቁጭ ተብሎ ይታያል እንጂ እንጀራ አይጠበቅበትም። እንጀራ የማይጠበቅበት ነገር ደግሞ ቶሎ ይረሳል። ዛሬ ለውድ አንባቢዎች ላካፍል የፈለግሁት ስለዚህ ዓይነቱ ግድብ በቅርብ ያየሁትንና የተማርኩትን ነው።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አራስ እህቴን ለማገዝ ወደ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ሄጄ ነበር። እህቴና ባለቤቷ የሚኖሩት ከአትላንታ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ መንደር ውስጥ ሲሆን፣ ቤቶቹ የተሠሩት አንድ ሐይቅ ከበው ነው። ሐይቁ እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ተፈጥሮ የሠራችው አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንዲት ትንሽ ወንዝ ላይ አፈር ተቆልሎና ተጠቅጥቆ የተሠራ፣ ቁመቱ አንድ ፎቅ ቤት የሚያህል ግድብ ነው ውኃውን ያቆመው። የግድቡ ባለቤቶች የመንደሩ ነዋሪዎች ራሳቸው ናቸው። እንደ እኛ እድር ያለ ማኅበር አላቸው፤ በየጊዜው እያዋጡ ሣር ያሳጭዳሉ፣ መንገድ ያስጠግናሉ፤ ግድቡም የሚጠበቀው በዚሁ መዋጮ ነው። በዚያ አገር እንዲህ ያለው ግድብ ብርቅ አይደለም። በአሜሪካ በመንግሥት መዝገብ ላይ ከሰፈሩት ከ90 ሺህ በላይ ግድቦች ከግማሽ የሚበልጡት የግል ሲሆኑ፣ በዋና አገልግሎታቸው ሲመደቡም ለመዝናኛ የዋሉት ከሌሎቹ ዓይነቶች ሁሉ ይበዛሉ።

ከእህቴ ቤት ቀጥሎ በሦስተኛው ቤት አንዲት ባልቴት ይኖሩ ነበር። እኛ በቤታችን «እማማ» እንላቸዋለን። እኚህ ሴት በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት የጭቃ ጫማ አድርገው፣ ምርኩዝና ደብተር ይዘው ግድቡን ከዳር እስከ ዳር ይዞሩታል። ሕፃኑን በጋሪ ይዤ ስወጣ እየተገናኘን ስለተላመድን አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ዞርኩ። እንግሊዝኛዬ የመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ቢሆንም የሚያሳዩኝን ለመረዳት አልተቸገርኩም፤ በጭቃ ቤት ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለምና።

የጭቃ ግድግዳ ዕድሜ የሚወሰነው በክዳኑና በዙሪያው ባለው ቦይ ነው። ዝናቡ በክዳኑ ወርዶ በቦዩ ከሄደ ግድግዳው ብዙ ዘመን ይቆያል። ክዳኑ ተቀዶ ውኃው በግድግዳው ላይ መውረድ ከጀመረ ግን በአንድ ክረምት ይፈርሳል። የአፈር ግድብም እንደዚሁ ነው። ውኃ ከፊቱ ሲቆም ይችላል፤ በአናቱ ላይ ሲያልፍ ግን አይችልም። በአናቱ ያለፈው ውኃ የጀርባውን አፈር እየሸረሸረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊከፍተው ይችላል። በዚህ ምክንያት ከግድቡ አናት ዝቅ ብሎ በጎን በኩል የትርፍ ውኃ መውጫ ይሠራለታል። ይህ መውጫ በቅጠል ወይም በግንድ ከታፈነ ግድቡ ቦይ እንደሌለው የጭቃ ቤት ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በግድቡ ሆድ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣው ውኃ ነው። ማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ውኃ ያሳልፋል። እማማ በግድቡ እግር ሥር የምትንጠባጠብ ውኃ በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን ያዙት። ጥርት ያለ ነበር። «ጥርት ካለና መጠኑ ካልጨመረ በደብተሬ እጽፈዋለሁ፤ ከደፈረሰ ግን ያኔውኑ ስልክ እደውላለሁ» አሉኝ። የደፈረሰ ውኃ አፈር ይዞ እየወጣ ነውና፣ አፈሩ በወጣ መጠን የግድቡ ውስጥ እየተቦረቦረ ይሄዳል።

ሦስተኛው ዛፍ ነው። እኛ ዛፍ አፈርን ይይዛል ብለን እንተክላለን፤ በተራራ ላይ እውነት ነው። በግድብ ላይ ግን ትልቅ ዛፍ ነፋስ ሲጥለው ሥሩ አፈሩን ገንጥሎ ይነሣል፤ ሲሞትም ሥሩ በስብሶ ለውኃ መሄጃ ይተዋል። ስለዚህ በግድብ ላይ የሚፈለገው አጭር ሣር ብቻ ነው። በእህቴ መንደር ግድብ ጀርባ ላይ ግን ወፋፍራም ጥዶች አድገው ነበር፤ በግድቡ ሥር የሚያልፈው የብረት ቧንቧም ዝጓል።

ማኅበሩ ያስጠራው መሐንዲስ ያቀረበው ጽሑፍም ይህንኑ የሚል ነበር። ዛፎቹ ከነሥራቸው ይውጡ፣ አፈሩ እንደገና ይጠቅጠቅ፣ ቧንቧው ይለወጥ፣ የትርፍ ውኃ መውጫው ይስፋ፣ ሥራው እስኪያልቅም የሐይቁ ውኃ ዝቅ ይበል ይላል። ለእያንዳንዱ ቤት የደረሰው መዋጮ የሕፃኑን አልጋና ጋሪ ገዝቶ፣ የብዙ ወራት ወተት የሚችል ነበር። ስለዚህ መንደሩ ለሁለት ተከፈለ።

የእህቴ ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት ቦታ እየሠራ ቤቱን የሚያስተዳድር ታታሪ ሰው ነው። «እትዬ፣ እኔ ዓሣ አላጠምድም፤ ጀልባም የለኝም። ግድቡ ይኸን ሁሉ ዓመት ቆሟል፤ ዘንድሮ ምን ሊሆን ነው? ልጅ ወልደናል፤ ገንዘቡ ለልጁ ይሁን» ይለኝ ነበር። በጀቷን በጣቷ ቆጥራ የምትኖር እናት ሁሉ ይህን አነጋገር ታውቀዋለች፤ እኔም በቀላሉ የምንቀው ሆኖ አላገኘሁትም።

በዚያው ሰሞን አንዲት የአገራችን ልጅ ገንፎ አገንፍታ አራሷን ልትጠይቅ መጣች። ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች፤ ሌሊት ሌሊት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። እሷ ሥራ ስትወጣ ታናናሾቹን የምታስተኛው የ14 ዓመት ልጇ ናት። የሚኖሩትም ከግድቡ በታች፣ ወንዟ በምታልፍበት ሸለቆ ዳር ባለ የኪራይ ቤት፣ ምድር ላይ ባለው ክፍል ነው። ቡና ተፈልቶ ወሬ ሲነሣ እህቴ ስለ መዋጮው ብታወራላት «የምን ግድብ?» አለች። ስድስት ዓመት ስትኖር ከበላይዋ ውኃ መኖሩን የነገራት የለም። ከታች ሆነው ሲያዩት ግድቡ ዛፍ የበቀለበት ጉብታ ይመስላል እንጂ ግድብ አይመስልም። የማኅበሩ አባል ባለመሆኗ የስብሰባ ጥሪ አይደርሳትም፤ ድምፅም የላትም።

እንደ እኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ውኃው የሚያስደስተው ከላይ ያሉትን ነው፤ ግድቡ ቢናድ የሚወስደው ግን ከታች የሚያድሩትን ነው። ገንዘቡን የሚያወጡትና አደጋው የሚደርስባቸው ሰዎች የተለያዩ ሲሆኑ «ይኸን ሁሉ ዓመት ቆሟል» ማለት ቀላል ይሆናል።

ይህ ሥጋት ከባዶ የመነጨ አይደለም። በዚያው በጆርጂያ ግዛት፣ ቶኮአ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ከአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በላይ ኬሊ ባርንስ የሚባል የኮሌጁ ንብረት የሆነ የአፈር ግድብ ነበር። በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ይህ ሥራው ሲቆም ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ ቀረ፤ በግድቡም ላይ ዛፍ በቀለበት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1977፣ ከብዙ ዝናብ በኋላ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ግድቡ ተናደ። ከታች በየቤታቸው ከነበሩት 39 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም 20ዎቹ ልጆች ነበሩ። በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር የጆርጂያ ሰው ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው ሮዛሊን ካርተር ሥፍራው ድረስ ሄደው የተጎዱትን አጽናንተዋል። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ሁሉ ለሰው ሕይወት የሚያሠጉ ግድቦች እንዲመረመሩ ታዘዘ። ጆርጂያም እ.ኤ.አ. በ1978 የግድብ ደኅንነት ሕግ አወጣች። ሆኖም ሕጉ የሚመለከተው ቁመታቸው 25 ጫማ፣ ማለትም 7 ሜትር ከግማሽ ያህል፣ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ አለዚያም ብዙ ውኃ የሚይዙትን ነው። የእህቴ መንደር ግድብ ከዚህ ልክ በታች በመሆኑ መጠበቁም ሆነ መረሳቱ ለባለቤቶቹ ኅሊና የተተወ ነበር።

እማማ ለምን በየቅዳሜው እንደሚዞሩ ብጠይቃቸው ያደጉት በፔንሲልቫኒያ ግዛት መሆኑን ነገሩኝ። በዚያ ግዛት ያደገ ልጅ ሁሉ የጆንስታውንን ታሪክ እየሰማ ያድጋል። ታሪኩ ለእኛም ትምህርት ስለሚሰጥ ባጭሩ ላቅርበው።

ከጆንስታውን ከተማ በላይ፣ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር። ይህኛው ትንሽ አልነበረም፤ ቁመቱ 22 ሜትር፣ ርዝመቱ 280 ሜትር ያህል ነበር። መጀመሪያ የሠራው የግዛቱ መንግሥት ሲሆን፣ ዓላማውም ጀልባዎች ለሚሄዱበት ቦይ ውኃ ለማጠራቀም ነበር። ባቡር ሲመጣ ቦዩ ሥራ ፈታ፤ ግድቡም ተሸጠ። ከገዙት ሰዎች አንዱ በግድቡ ሥር የነበሩትን የማስተንፈሻ ቧንቧዎች አስነቅሎ ለቁራጭ ብረት ሸጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1879 ደግሞ የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብ እጅ ገባ። የክበቡ አባላት እንደ አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ፍሪክ ያሉ የዘመኑ ቱጃሮች ነበሩ። ክበቡ ግድቡን በጭቃ፣ በጭራሮና በድርቆሽ ጠጋገነው፤ ቧንቧዎቹን ግን አልተካም። ሠረገላ እንዲተላለፍበት አናቱን ዝቅ አደረገ። ዓሣዎቹ እንዳያመልጡም በትርፍ ውኃ መውጫው ላይ መረብ አደረገ። እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ስናያቸው ጥቃቅን ናቸው፤ አብረው ሲደመሩ ግን ግድቡን መተንፈሻ አሳጡት።

ያስጠነቀቀ ሰው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1880 የከተማው የብረት ፋብሪካ ኃላፊ ዳንኤል ሞሬል፣ ጆን ፉልተን የተባለ መሐንዲስ ልኮ ግድቡን አስመረመረ። ፉልተንም ማስተንፈሻ ቧንቧ አለመኖሩንና ግድቡ ማፍሰሱን ጻፈ። የክበቡ መሪ ግን ሥጋት የለም ብሎ መለሰ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1889 ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ሐይቁን ሞላው። መረቡ በግንድና በቅጠል ታፈነ። ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው ቢሯሯጡም ውኃው በአናቱ አለፈ፤ ከሰዓት በኋላም ግድቡ ተከፈተ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ወይም በሞላ ጊዜ ውስጥ ውኃው ቤትና ዛፍ፣ ባቡርና ሽቦ እያግበሰበሰ ጆንስታውን ደረሰ። 2,209 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱም ውስጥ 396ቱ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ሕፃናት ሲሆኑ፣ 99 ቤተሰቦች አንድ ሰው እንኳ ሳይተርፍላቸው ጠፉ። አና ፌን የተባለች እናት ባሏንና ሰባት ልጆቿን በአንድ ቀን አጥታለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሠራተኛ ሴቶች አሉ። አንደኛዋ በግድቡ አቅራቢያ ባለው የባቡር ጣቢያ የቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረችው ኤማ ኤረንፌልድ ናት። ግድቡ ሊናድ ነው የሚለውን ማስጠንቀቂያ በምትችለው መንገድ ወደ ታች አስተላልፋለች። ሁለተኛዋ ባሏ የሞተባት፣ በጆንስታውን የቴሌግራፍ ኃላፊ የነበረችው ሄቲ ኦግል ናት። ውኃው እየጨመረ ሲሄድ በሥራዋ ላይ ቆይታ ከሴት ልጇ ጋር አብራ ሞተች። ማስጠንቀቂያው ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን «ግድቡ ሊናድ ነው» የሚለው ወሬ በየዓመቱ ይሰማ ስለነበር ብዙዎች አላመኑትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ የ67 ዓመቷ ክላራ ባርተን የአሜሪካን ቀይ መስቀል ይዛ መጥታ ወራት ተቀምጣ ተጎጂዎችን ረዳች። በፍርድ ቤት ግን ክበቡ አንድም ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ አልከፈለም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ባለቤት በአንድ ምሽት ነገርኩት። ከታሪኩ ይልቅ ያሳሰበው ግን ሌላ ነገር ነበር። በአትላንታ ያሉ ወገኖቻችን ባቋቋሙት እድር ውስጥ አባል ሆኖ በየወሩ ይከፍላል። «ወንድሜ፣ እድር የምትከፍለው በዚህ ወር እሞታለሁ ብለህ ነው?» አልኩት። «አይደለም እንጂ» አለ። «ታዲያ ይኸስ ከእድር በምን ይለያል? ልዩነቱ እድሩ ከቀብር በኋላ የሚደርስ መሆኑ ነው፤ ይኸኛው ቀብሩን የሚያስቀር ነው» አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ተነሥቶ ልጁን አቀፈ።

በስብሰባው ዕለት ሕፃኑን ይዤ ከእህቴ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። ገንፎ ያመጣችልን ሴት ከሌሊት ሥራዋ በቀጥታ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጣች። አባል ባትሆንም እማማ ስለጠየቁላት እንድትናገር ተፈቀደላት። ረጅም ንግግር አላደረገችም። «እኔ ሌሊት ሥራ ላይ ነኝ፤ ልጆቼ ከታች ተኝተዋል። ግድቡ ሌሊት ቢናድ ለልጄ የሚደውልላት ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ድምፅ ሲሰጥ መዋጮው በሁለት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲከፈልና ሥራው እንዲጀመር በጥቂት ድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ከታች ያሉ ቤቶች ስልክ ሁሉ እንዲመዘገብና ለአደጋ ጊዜ የሚደውል ተረኛ እንዲኖርም ተጨመረ። የእህቴ ባለቤት እጁን ያወጣው ከደጋፊዎቹ ጋር ነው።

ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት ውኃው ዝቅ ተደርጎ ሐይቁ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። ልጆች አኮረፉ፤ አንዳንድ ጎረቤቶችም የቤታችን ዋጋ ወረደ ብለው አጉረመረሙ። ከወራት በኋላ እህቴ የወጣውን ቧንቧ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ዝገቱ በልቶት በየቦታው ተበስቷል። «እትዬ፣ በጣት ሲነኩት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል» ብላ ጽፋለች።

እንግዲህ የትም አገር ይሁን፣ ልጆቻችንን ይዘን በግድብ በቆመ ውኃ ዳር ስንዝናና ልናስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ የግድቡ ባለቤት ማን እንደሆነና ማን እንደሚጠብቀው መጠየቅ ነው፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። የትርፍ ውኃ መውጫው ክፍት ነው ወይስ ታፍኗል? በግድቡ አናት ላይ ስንጥቅ ወይም የሰመጠ ቦታ አለ? በጀርባው በኩል የደፈረሰ ውኃ ይወጣል? ከእነዚህ አንዱ ከታየ ልጆችን ከግድቡ በታች ካለው ሜዳ አንሥቶ ለባለቤቱና ለሚመለከተው ክፍል ወዲያውኑ መንገር ያስፈልጋል። ልጆች ውኃ በሚገባበት ቧንቧ አፍና በትርፍ ውኃ መውጫው አጠገብ እንዳይዋኙ መከልከልም የወላጅ ተግባር ነው፤ በላይ የተረጋጋ የሚመስለው ውኃ በሥር በኩል ይስባልና። ኃይለኛ ዝናብ ከመጣ ከግድብ በታች ባለ ሸለቆ ውስጥ ማደር አይገባም። ውኃ መጣ ከተባለም ሸለቆውን ተከትሎ መሮጥ ሳይሆን በጎን በኩል ወደ ከፍታ መውጣት ነው የሚያድነው። ከበታች የሚኖር ሰውም ከበላዩ ምን እንዳለ የማወቅ መብት አለው፤ ያልነገሩት እንደሆነ እሱ ራሱ ይጠይቅ።

ግድብ ተሠርቶ አለቀ የሚባል ነገር አይደለም። ቤት አንዴ ተጠርጎ እንደማይቀር ሁሉ ግድብም በየሳምንቱ የሚያየው ዓይን፣ በየዓመቱ ሣሩን የሚያጭድለትና መውጫውን የሚጠርግለት እጅ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሥራ እኛ እናቶች እናውቀዋለን። ሲሠራ ማንም አያየውም፤ ሳይሠራ የቀረ ዕለት ግን ሁሉም ያየዋል።